በሽታን መሸሸግ ጀግንነት አይደለም

የስኳር በሽታ በመርፌና በክኒን ብቻ የሚገታ የሚመስላቸው ሰዎች ብዙዎች ናቸው። እኔ ግን መድኃኒቱ ሙሉ ጥቅም የሚሰጠው፣ ሕመምተኛው ስሜቱን ለይቶ ሲያውቅና በራሱ ሲተማመን ነው እላለሁ።

እ.ኤ.አ. በጥር 1922 የ14 ዓመቱ ሌናርድ ቶምፕሰን በካናዳ፣ በቶሮንቶ ከተማ የኢንሱሊን ሕክምና የተሰጠው የመጀመሪያው ሰው ሆነ። ከዚያ በፊት ቆሽቱ ኢንሱሊን ማመንጨት ያቆመ ልጅ ብዙ ሳይቆይ ይሞት ነበር። ዛሬ እንዲህ ያለው ልጅ ሊማር፣ ሊሮጥና ለሽምግልና ሊበቃ ይችላል፤ ነገር ግን መርፌው በየቀኑ፣ ምግቡም በሰዓቱ ያስፈልገዋል።

እንግዲህ ይህን ልጅ በክፍል ውስጥ እናስበው። ጓደኞቹ እንዳይስቁበት ሲል መርፌውን ይደብቃል፤ በዕረፍት ሰዓትም መክሰሱን ሳይበላ ይቀራል። ጥቂት ቆይቶ እጁ ይንቀጠቀጣል፤ ላብ ያጠምቀዋል፤ ያለ ምክንያት ይቆጣል። መምህሩ ሥርዓት የጎደለው አድርጎ ይቆጥረዋል፤ እርሱም ፈተና የፈራ ይመስለዋል። ዳሩ ግን ቁጣውም ሆነ ፍርሃቱ የጠባይ ጉድለት ሳይሆን በደሙ ውስጥ ያለው ስኳር የማነሱ ምልክት ነው። በአንጻሩም ብርቱ ጭንቀት በሚያስነሣቸው ሆርሞኖች ምክንያት የደም ስኳር ከፍ ሊል ይችላል። ስለዚህ ስሜቱን የሚመረምር ሰው «ምን ሆንሁ?» ብሎ ራሱን ይጠይቃል፤ ስኳሩን ይለካል፤ መጠኑ በአንድ ዴሲሊትር ደም ከ70 ሚሊግራም በታች ከሆነም 15 ግራም ያህል ስኳር ወስዶ ከ15 ደቂቃ በኋላ እንደገና ይለካል። መለኪያ ከሌለው ደግሞ ምልክቱ እንደ ታየው ጣፋጭ ነገር ለመውሰድ ማመንታት አይገባውም።

አንዳንዶች፣ «በሽታን መናገር ለመሳለቂያ ይዳርጋል» ይላሉ። ሥጋታቸው ከንቱ ነው አይባልም። ሆኖም ለሁሉ ማወጅና ለሚገባው ሰው መንገር የተለያዩ ናቸው። ልጁ ራሱን በሳተ ጊዜ ምክንያቱን ተረድተው ወደ ሐኪም ቤት ሊያደርሱት የሚችሉት፣ አስቀድሞ የነገራቸው መምህሩና አጠገቡ የሚቀመጠው ጓደኛው ናቸው። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» የሚለው ተረት ለዚህ ይስማማል።

በራስ መተማመን ማለት «እኔን ምንም አይነካኝም» እያሉ መፎከር አይደለም፤ ለሰውነት የሚያስፈልገውን ማወቅና ያንኑ ያለ ኀፍረት መፈጸም ነው። ስለሆነም አንድ ተማሪ እጁን አንሥቶ «መምህር፣ አሁን ስኳር መውሰድ አለብኝ» ለማለት ድፍረቱን ሲያገኝ፣ የክፍል ጓደኞቹም ላለመሳቅ ጨዋነቱን ሊያገኙ ይገባል።