በሰው አገር መሪ መያዝ



ለእረፍት ወደ ውጭ አገር ለመሄድ ያሰበ ቤተሰብ ከአውሮፕላን ቲኬት ቀጥሎ የሚከራከርበት ነገር ቢኖር የመኪና ጉዳይ ነው። እንከራይ ወይስ አንከራይ? በእኛም ቤት ወደ ዱባይ ለመሄድ ስንሰናዳ ይኸው ጥያቄ ለሦስት ምሽት ራታችንን አቀዝቅዞብናል።

እኔ «እንከራይ» ባይ ነበርኩ። ሃያ ዓመት በአዲስ አበባ የነዳሁ፣ የመርካቶን ግርግር የለመድኩ ሰው ነኝና የትም ብሄድ አልቸገርም ብዬ አምን ነበር። ባለቤቴ ግን «ሌሊቱን ስትጓዝ አድረህ፣ እናትህንና ልጆችህን ጭነህ ነው የሰው አገር መንገድ የምትለማመደው?» አለችኝ። ቅር አለኝ። ሐቁ ግን የእሷ ነበር።

እርግጥ ነው፣ በኤምሬቶችም እንደ እኛው በቀኝ በኩል ነው የሚነዳው። የሚያስቸግረው ሌላ ነው። የሼኽ ዛይድ መንገድ በአንድ አቅጣጫ ብቻ ስድስትና ከዚያ በላይ ረድፍ አለው። መርካቶ ውስጥ የሚያድነን ዝግታው ነው፤ ቢሳሳቱም ተጯጩኾ መተላለፍ ይቻላል። እዚያ ግን ሁሉም በሰዓት መቶ ኪሎ ሜትር እየከነፈ መውጫውን ያሳለፈ ሰው ለመመለስ ብዙ ኪሎ ሜትር ይሄዳል። የመንገድ ክፍያውም ቢሆን ገንዘብ ተቀባይ የለውም፤ «ሳሊክ» የሚባለው በር ሳያስቆም መኪናዋን መዝግቦ ያሳልፍና ሒሳቡ በኋላ ይመጣል። የፍጥነት ካሜራው ቅጣትም እንዲሁ ዘግይቶ ይደርሳል።

ከዚያ ደግሞ ወረቀቱ አለ። አከራዮቹ ከአገር ቤቱ መንጃ ፈቃድ ጋር ዓለም አቀፍ የመንጃ ፈቃድ ይጠይቃሉ፤ ይህም ከመነሣት በፊት ተይዞ የሚኬድ ነው። ለማስያዣ የሚሆን ክሬዲት ካርድም ይጠይቃሉ። ይህን ካርድ ከመካከላችን ስንቱ ይዞታል? እኔ አልያዝኩም።

ታዲያ ሻርጃህ የሚኖረው የአጎቴ ልጅ ይህን ሲሰማ በስልክ «አንተ ምን አስጨነቀህ? በእኔ ስም፣ በእኔ ካርድ እከራይልሃለሁ፤ አንተ ንዳ» አለኝ። ደስ አለኝ፤ ነገሩ ያለቀ መሰለኝ። ብዙ ወገኖቻችንም የሚያደርጉት ይህንኑ ነው።

እናቴ ጥግ ላይ ተቀምጣ ስትሰማ ቆይታ «ብታጋጨውስ፣ የማን ዕዳ ነው?» አለች።

በዚህ ጥያቄ ተነሥቼ ጠየቅሁ፣ አጣራሁም። በውሉ ላይ ስሙ ያልሠፈረ ሰው እየነዳ አደጋ ቢደርስ ኢንሹራንሱ አይሸፍንም። በዚያ አገር ደግሞ የተጋጨን መኪና ያለ ፖሊስ ወረቀት የሚጠግን ጋራዥ የለም፤ ትንሽ ጭረት እንኳ ፖሊስ ፊት ያቀርባል። ፖሊሱ ሲመጣ መሪውን የያዝኩት እኔ፣ የፈረመው እሱ። ወንድሜ ለፍቶ የሚኖርበት የመኖሪያ ፈቃዱና ስሙ ነው በእኔ ሽርሽር የሚያዘው። የተከራዩት መኪና የሰው አማና ነው እንላለን፤ ያበደረን ሰው ስምስ አማና አይደለም? መኪናው ቢሰበር ይጠገናል። በዘመድ መካከል የሚቀር ቅሬታ ግን ለብዙ ዓመት እንደሚቆይ ሁላችንም በየቤታችን የምናውቀው ነው።

ስለዚህ አልነዳሁም።

ከተማ ውስጥ በሜትሮ ተጓዝን። ይህ እ.ኤ.አ. በ2009 ሥራ የጀመረ ባቡር ከኤርፖርቱ 1ኛና 3ኛ ተርሚናሎች ይነሣል፤ ለሴቶችና ለሕፃናት የተለየ ፉርጎም አለው። እናቴ እዚያ ፉርጎ ውስጥ ተደላድላ ከተቀመጠች በኋላ «ሾፌሩ የታል? ሰላም ልበለው» ብላ ኖሯል። ባቡሩ ያለ ሾፌር የሚሄድ መሆኑን ባለቤቴ ስትነግራት እስክንወርድ ድረስ ዚክር ስታደርግ ቆየች።

ሜትሮ ከማይደርስበት ወደ አል-ዐይን ለመሄድ ግን መኪና ግድ ሆነ። የአጎቴ ልጅ ሰባት ሰው የሚይዝ መኪና በስሙ ተከራየ፤ ራሱም ነዳ። ለትንሹ ልጃችን የሕፃን ወንበር አስገጠመ፤ በኤምሬቶች ዕድሜው ከአራት ዓመት በታች የሆነ ልጅ ያለዚያ ወንበር መጓዝ አይፈቀድለትም፤ እኛ በጉያ አቅፈን የምንጓዘውን ማለት ነው። መንገድ ላይ ነዳጅ ማደያው አጠገብ ባለው መስጊድ ሰገድን። ከ1,200 ሜትር በላይ ከፍታ ያለውን ጀበል ሐፊትን በጠመዝማዛው አስፋልት ወጣን። እኔ ግራና ቀኝ አየሁ። ስነዳ ብውል ኖሮ የማየው የፊተኛውን መኪና መብራት ብቻ ነበር።

ከሁለት ቀን በኋላ የአጎቴ ልጅ ስልክ ላይ መልእክት ገባ። የ300 ድርሃም የፍጥነት ቅጣት! በዱባይ ካሜራው ከተጻፈው ወሰን 20 ኪሎ ሜትር እስኪያልፉ ይታገሣል፤ አል-ዐይን ያለችበት አቡ ዳቢ ግን ይህን ምሕረት እ.ኤ.አ. በ2018 አንሥታለች። ዓመታት የኖረበት ሰው እንዲህ ከዘነጋ እኔ ምን ልሆን ነበር?

ገንዘቡን ብሰጠው ወላሂ አልቀበልም አለ። ልንመለስ ስንል ባለቤቴ ብሩን ጠቅልላ «ለከረሜላ» ብላ በትንሿ ልጁ እጅ አስጨበጠቻት።