አማካዩን ከመስደባችን በፊት ነቀምት ደርሰን እንምጣ

ድሮ ካታንጋ፣ ዛሬ ደግሞ ዲኤስቲቪ ቤት ቁጭ ብሎ ቆሎ እየቆረጠመ "ሩጥ እንጂ! ለምንድን ነው የሚከፈልህ?" እያለ የሚጮህ ደጋፊ ታውቃላችሁ አይደል? እኔም አንዱ ነበርኩ። እስቲ አንድ ሒሳብ እንስራ። ጎበዝ አማካይ በአንድ ጨዋታ 11 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሮጣል። 16 ክለቦች ባሉበት ሊግ እያንዳንዱ ክለብ 30 ጨዋታ አለው። ሲባዛ 330 ይመጣል። ከአዲስ አበባ እስከ ነቀምት ያለው መንገድ ደግሞ 331 ኪሎ ሜትር ነው። ልጁ በአንድ የውድድር ዓመት ነቀምት ይገባል ማለት ነው፤ ያውም እየተረገጠ፣ ያውም እየተሰደበ።

ይህን ሒሳብ በስልክ ለተዋወቅኳቸው የኳስ ጓደኞቼ ላክሁላቸው። ግማሾቹን በአካል አይቻቸው አላውቅም። አንዱ "ታዲያ እኛስ ለምን አንሄድም?" አለ። ነገሩ እንዲህ ነው፦ ሁሉም ባለበት ሰፈር ይራመዳል፣ ስልኩ እርምጃውን ይቆጥራል፣ ኪሎ ሜትሩ በካርታ ላይ በነቀምት መንገድ ይደመራል። ቀልድ እንዳይመስላችሁ። በኮሮናው ጊዜ፣ መስከረም 24 ቀን 2013 ዓ.ም. የኛው ሹራ ቂጣታ የለንደን ማራቶንን ሲያሸንፍ፣ ለንደን ላይ የሮጡት ታዋቂዎቹ አትሌቶች ብቻ ነበሩ። የቀረው ሕዝብ 42ቱን ኪሎ ሜትር የጨረሰው በየሰፈሩ ነው።

አንድ እርምጃ 70 ሳንቲ ሜትር ቢሆን፣ ነቀምት ለመድረስ 473 ሺህ እርምጃ ያስፈልጋል። በቀን 5 ኪሎ ሜትር የሄደ በ67ኛው ቀን ይገባል። አዲስ ዓለም፣ ጊንጪ፣ አምቦ፣ ጉደር፣ ጌዶ፣ ባኮ፣ ስሬ፣ ከዚያ ነቀምት። አምቦ ላይ ውሃ መጠጣት ግዴታ ይሁን ያለም አልጠፋም። እሱን ያለ ክርክር ተቀብለነዋል።

የተጣላነው በደንቡ ላይ ነው። የአዲስ አበባዎቹና ውጭ አገር ያሉት፣ ሁሉም በየቀኑ ማታ የስልኩን ቆጠራ ፎቶ አንስቶ ይላክ፣ ያልላከ የዕለቱ ኪሎ ሜትር ይሰረዝበት አሉ። የፈሩት ማጭበርበርን ነው። እውነት ለመናገር፣ ስልኩን እጁ ላይ እያወዛወዘ ከሶፋው ሳይነሳ ጌዶን የሚወጣ ሰው አይጠፋም። ግን የነቀምቱ ጓደኛችን አንድ መስመር ጻፈ፦ "ኔትወርክ ሲጠፋስ?"

ለሱ ይህ ተራ ጥያቄ አይደለም። በ2012 ዓ.ም. ወለጋ ውስጥ ስልክና ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ እንደነበር እናስታውሳለን። መንገዱም ቢሆን ባለፉት ዓመታት በግጭቱ ምክንያት ስንት ጊዜ ተዘጋ! ዘመድ ለቅሶ ላይ ሳይደርስ የቀረበት መንገድ ነው። የነቀምት ከተማን ጨዋታ ሄዶ ለማየት አስቦ የቀረውን ደጋፊማ ተዉት። ታዲያ በካርታ ወደ ነቀምት ስንሄድ ነቀምት ያለውን ልጅ በደንብ ካስወጣነው ወዴት ነው የምንሄደው?

የኔ አቋም ግልጽ ነው። ስልክ እርምጃ የሚቆጥረው ያለ ኢንተርኔት ነው። ስለዚህ ሪፖርቱ በሳምንት አንዴ ይሁን፣ በአጭር የጽሑፍ መልእክትም ይቻል፤ ኔትወርክ የጠፋበት ደግሞ ሲመለስለት የከረመውን ደምሮ ይላክ። የሚያጭበረብር ያጭበርብር፤ ሽልማት የለ፣ ዋንጫ የለ፣ የሚያታልለው የገዛ ቦርጩን ነው። ጨዋ ሰው ግን ሳያጠፋ ቀይ ካርድ አይታይበት። ከብዙ ንትርክ በኋላ አብዛኞቹ ተስማምተውልኛል፤ ሁለቱ ግን እንዳኮረፉ ናቸው።

ከነሱ ሌላ ያስቸገረን የጊምቢው ልጅ ነው። ነቀምት ላይ አናቆምም፣ ዴዴሳን ወርደን ጊምቢ እንግባ ባይ ነው። 110 ኪሎ ሜትር ይጨመራል፤ ለአማካዩ ሌላ 10 ጨዋታ ማለት ነው። ቁልቁለቱ እንኳን ደስ ይላል፣ ከዴዴሳ በኋላ ያለውን ዳገት ግን ማን እንደሚወጣልን እስካሁን አልነገረንም።