ለልደትም እድር ይኑረን



ባለፈው እትማችሁ ስለ ወሊድ ፈቃድ የወጣው ጽሑፍ የግል ክሊኒክ ባለቤቶችን በጅምላ «ወጣት ሴት መቅጠር የሚሸሹ» ብሎ ሲከስ ባነብ፣ እኔ ራሴ የሦስት ልጆች እናት ስሆን መካከለኛ ክሊኒክ ባስተዳደርኩባቸው 14 ዓመታት አንዲት ሴት እንኳ በማኅፀኗ ምክንያት ከደጄ አልመለስኩምና፣ ነገሩን በዝምታ ማለፍ ኅሊናዬ አልፈቀደልኝም።

በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 ለእናት ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላም ቀድሞ 60 የነበረውን አሳድጎ 90 ቀን ከሙሉ ደመወዝ ጋር መስጠቱ ርቱዕ ነው። ክርክሬ በቀኑ ብዛት ሳይሆን በከፋዩ ማንነት ላይ ነው። አዋጁ ሺህ ሠራተኛ ያለውን ፋብሪካና ዘጠኝ ሠራተኛ ያለውን ክሊኒክ ሳይለይ ደመወዙን በአሠሪው ትከሻ ላይ ብቻ ጥሎታል።

በአገራችን ሰው ሲሞት ድንኳን የሚተክለው እድር ነው፤ ሐዘንተኛ ብቻውን ሲቀብር አላየንም። ምጥ የያዛትንም ሴት ከብበው «ማርያም ማርያም» የሚሉላት፣ ስትወልድም የገንፎውን ዱቄትና ቅቤውን ይዘው የሚመጡት ጎረቤቶቿ ናቸው። ሞትን በማኅበር የምንሸከም ሕዝብ የልደትን ደመወዝ በአንድ ቤት ላይ መጣላችን ከየትኛው ሥርዓት የተወረሰ ነው?

ዓምና ከሁለቱ ነርሶቼ አንደኛዋ ወለደች። የባለሙያ ቁጥር ከጎደለ ክሊኒኩ ይታሸጋልና ምትክ ቀጠርኩ። በጥር መጨረሻ የሁለቱን ደመወዝ በየፖስታው ከከተትኩ በኋላ በእጄ የቀረው ገንዘብ ለሳምንት ጓንትና ግሉኮስ እንኳ የማይበቃ ስለነበር፣ የመድኃኒት አከፋፋዩን ቀን እንዲጨምርልኝ ለምኜ፣ ለራሴ ምንም ሳላነሣ ወሩን ገፋሁት። ልጅቱ ስትመለስ ጡቷ ሞልቶ ልብሷን እያራሰው፣ ከመርፌ ክፍሉ መጋረጃ ጀርባ ቆማ ወተቷን በብርጭቆ ስታልብ አገኘኋት፤ የምትቀመጥበት ክፍል ላዘጋጅላት የምችልበት ገንዘብ ግን በእነዚያ ፖስታዎች አልቆ ነበር።

«መክፈል ያቃተው ይዝጋ» የሚሉ አሉ። ከንቱ ነገር ነው፤ የሰፈሩ ሰው ትኩሳት ያነደደውን ሕፃን ታቅፎ የማንን በር ሊያንኳኳ ነው?

ለጡረታ በየወሩ አሠሪው 11፣ ሠራተኛው 7 በመቶ እያዋጣን እርጅናን በጋራ መዝገብ አስገብተናል። ሩዋንዳም እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣችው ሕግ አሠሪና ሠራተኛ ከደመወዝ 0.3 በመቶ በየበኩላቸው እንዲያዋጡ፣ ከመጀመሪያዎቹ ስድስት ሳምንታት በኋላ ያለውን ደመወዝም የጋራው ገንዘብ እንዲሸፍን ደንግጋለች። ልደትን የሚሸከም እድር ማለት ይኸው ነው።

የአባትም ነገር ያሳዝነኛል፤ ሕጉ የሰጠው ሦስት ተከታታይ ቀን ብቻ ነው። ሚስቱ በኦፕራሲዮን የወለደችበት የላብራቶሪ ባለሙያዬ በአራተኛው ቀን ዓይኑ ደም መስሎ ማይክሮስኮፕ ላይ ሲያንቀላፋ አግኝቼ ወደ ቤቱ ሰደድኩት፤ ነገር ግን የአባት መብት በአሠሪ ርኅራኄ ላይ ሊንጠለጠል አይገባም።

ያቺ ነርስ በመጪው ግንቦት ሁለተኛ ልጇን ትወልዳለች። ደመወዟን እንደ ዓምናው ሳላጎድል እከፍላለሁ። ጸሐፊያችሁ ግን እኛን ከመክሰሱ በፊት፣ ይህን ሸክም የሚጋራ የጋራ መዋጮ እስከ ዛሬ ለምን እንዳልተቋቋመ ሕግ አውጪዎቹን ሄዶ ይጠይቅልን።

ከአክብሮት ጋር፣
አንዲት የክሊኒክ ባለቤት፣ ከአዲስ አበባ