ሌንሱን ሸሽጎ ካሜራ መመዘን

ካሜራን ከካሜራ የሚያወዳድሩ ሰዎች አንድ የቆየ ልማድ አላቸው። ሁለቱን ጎን ለጎን ያስቀምጣሉ፤ የሴንሰሩን ስፋት፣ በሴኮንድ የሚነሣውን የምስል ብዛት፣ በጨለማ የማየት ኃይሉን ይቆጥራሉ፤ ከዚያም አሮጌውን «መጫወቻ»፣ አዲሱን «የባለሙያ» ብለው ይፈርዳሉ። ፍርዱ ፈጣን ነው፤ ምስክር እንኳ አይጠራበትም። ውድ አንባቢ፣ ነገሩ የዕቃ ወሬ ብቻ መስሎ ከታየዎ ጥቂት ይታገሡኝ። በዚህ ፍርድ ምክንያት ያጠራቀመውን ገንዘብ የሚያጠፋ፣ ይባስ ብሎም የገዛ አገሩን አዕዋፍና አራዊት ሳያነሣ የሚቀር ወጣት አለ።

እኔ ሁለት ምስክሮች ልጥራ (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። የመጀመሪያው ኒኮን በ2015 ያወጣው ኩልፒክስ ፒ900 ነው፤ ብሪጅ ከሚባሉት ወገን። ሌንሱ ከገላው አይነቀልም። በትልቁ ሴንሰር ሚዛን ሲሰላ ከ24 እስከ 2000 ሚሊ ሜትር ይደርሳል፤ 83 ጊዜ ያቀርባል ማለት ነው። ክብደቱ 899 ግራም፣ ገበያ ሲወጣ ዋጋው 600 ዶላር ገደማ ነበር። ሁለተኛው ያው ኒኮን በ2021 ያወጣው ዜድ 9 ነው፤ ሚረርለስ፣ 45.7 ሜጋፒክሰል፣ ከነባትሪው 1,340 ግራም፣ ሲወጣ 5,500 ዶላር ገደማ። ሁለቱንም ከአንድ ኩባንያ የመረጥሁት ሆን ብዬ ነው፤ ጠቡ የስም ጠብ እንዳይሆን።

አስቀድሞ ስለ ስሙ አንድ ነገር እናንሣ። «ሚረርለስ» ማለት መስተዋት አልባ ማለት ነው፤ እንደ ታላቅ አብዮትም ተሰብኮልናል። ይሁን እንጂ ያ የተናቀው ብሪጅ ካሜራም መስተዋት ኖሮት አያውቅም! ፓናሶኒክ በ2002 ያወጣው ኤፍዜድ1፣ 12 ጊዜ የሚያቀርበው ትንሽ ካሜራ፣ ባለቤቱ ዓለምን የሚያየው በኤሌክትሮኒክስ መመልከቻ ነበር። ያው ፓናሶኒክ ሌንሱ የሚቀያየረውን መስተዋት አልባ ጂ1ን ያወጣው በ2008፣ ከስድስት ዓመት በኋላ ነው። ዛሬ «መጫወቻ» የሚሉት ካሜራ አብዮቱን ቀድሞ ኖሮታል።

ወደ ዋናው ነገር ልግባ። ከሩቅ የተቀመጠች ወፍ የምትልከው ብርሃን ወደ ካሜራው የሚገባው በሌንሱ ቀዳዳ ነው። የቀዳዳው ስፋት የሚታወቀው የሌንሱን ትክክለኛ የትኩረት ርዝመት በኤፍ ቁጥሩ በማካፈል ነው። ፒ900 እስከ ጫፉ ሲዘረጋ ትክክለኛ ርዝመቱ 357 ሚሊ ሜትር፣ ኤፍ ቁጥሩ 6.5 ነው፤ ስለዚህ ቀዳዳው 55 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ዜድ 9 ላይ ብዙ ሰው የሚገጥመው ከ24 እስከ 70 ሚሊ ሜትር፣ ኤፍ 2.8 የሆነውን ሌንስ ነው። 70ን ለ2.8 ብናካፍል 25 ሚሊ ሜትር። ስፋቱን በስፋት ስናነጻጽር፣ ከዚያች ሩቅ ወፍ አምስት እጥፍ ሊሞላ ጥቂት የቀረው ብርሃን የሚሰበስበው መጫወቻው ነው።

በዝዋይ ሐይቅ ዳር፣ 100 ሜትር ርቆ ዛፍ ላይ የተቀመጠ ዓሣ በል ንስር እናስብ፤ ቁመቱን 70 ሳንቲ ሜትር እንበል። በፒ900 ምስል ላይ ንስሩ ወደ 1,850 ፒክሰል ቁመት ይኖረዋል። በዜድ 9 እና በ70 ሚሊ ሜትሩ ሌንስ ወደ 110 ፒክሰል። መቶ ዐሥር! ላባው ቀርቶ ጭንቅላቱና ዛፉ በቅጡ አይለዩም። 45.7 ሜጋፒክሰሉ በሙሉ ሰማዩን፣ ውኃውንና ሸምበቆውን ሲስል ይውላል።

አሁን ወዳጆቻችን «ሌንሱን መቀየር ነዋ!» ይሉናል። እኔም የምጠብቀው ይህንኑ ነበር። ኒኮን በ2022 ያወጣው የ600 ሚሊ ሜትር ኤፍ 4 ሌንስ ቀዳዳው 150 ሚሊ ሜትር ነው፤ በፒ900 ፊት ሲቆም ክርክር የለም። ያ ንስር በእርሱ ወደ 965 ፒክሰል ይሆናል፤ እያንዳንዱም ፒክሰል የጠራ፣ የላባው ቀለም ከነጥላው የሚነበብበት። በአንጻሩ ከፒ900ው 1,850 ፒክሰል ብዙው ባዶ ነው። ብርሃን በጠባብ ቀዳዳ ሲያልፍ ይበተናል፤ በዚያ ኤፍ ቁጥር አንዲት ነጥብ ወደ ስድስት ፒክሰል ያህል ትስፋፋለች፤ ሜጋፒክሰል መቁጠር ያን አይፈውሰውም። ይህን የምለው የተከራካሪዬን እውነት ለመሸሸግ ስለማልፈልግ ነው። ነገር ግን ያ ሌንስ ለብቻው 3,260 ግራም ይመዝናል፤ ሲወጣ ዋጋው 15,500 ዶላር ገደማ ነበር። ከካሜራው ጋር 4.6 ኪሎ፣ 21,000 ዶላር። በሐምሌ 2024 የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ በኋላ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ዶላር ከ100 ብር ማለፉን ሁላችንም እናስታውሳለን። በመቶ ብር ብቻ ብናሰላው እንኳ ከሁለት ሚሊዮን ብር ይበልጣል። በ2023 የወጣው ከ180 እስከ 600 ሚሊ ሜትር የሚደርሰው ሌንስ ይረክሳል፤ እርሱም ቢሆን ሲወጣ 1,700 ዶላር ገደማ ነበር፤ ከዜድ 9 ጋር ሲደመር ዋጋው ከ7,000 ዶላር፣ ክብደቱ ከሦስት ኪሎ ያልፋል።

ለመሆኑ በየትኛው ንጽጽር ነው ይህ ሌንስ ከካሜራው ጎን ተጽፎ ያየነው? በአንደኛው መደብ ሙሉ ዕቃ፣ ሌንሱ ከነሁሉ ነገሩ፤ በሌላው መደብ ዐይኑ የተነቀለ ገላ። ይህ ሚዛን አይደለም። በሬን ከነቀንበሩ አቅርቦ ከሌላ በሬ ቆዳ ጋር እንደ ማወዳደር ነው።

ጉዳቱም በወረቀት አይቀርም። የአስጎብኚነት ሥራ የጀመረ፣ ወፍ መለየት የተማረ ወጣት ሱቅ ሲገባ የሚሰማው ምክር ይታወቃል፤ «ገላውን አሁን ግዛ፤ ሌንሱን ቀስ ብለህ ትገዛለህ» ይሉታል። ቀስ ብሎ የሚገዛው ሌንስ ግን አይመጣም። ወጣቱ ውድ ካሜራ አንግቶ በአቢያታ ሐይቅ ዳር ይቆማል፤ ፍላሚንጎዎቹ በምስሉ ላይ የተበተነ ሩዝ ይመስላሉ። ከአጠገቡ ከውጭ የመጣ ጎብኚ መድፍ የሚያህል ሌንሱን አስተካክሎ ያነሣል፤ ምስሉም ከባለቤቱ ጋር ባሕር ይሻገራል። የአገራችን እንስሳት መልካም ምስሎች ከሞላ ጎደል በእንግዳ እጅ የተነሡ ሆነው መቅረታቸው አንዱ ምክንያት ይኸው የዋጋ ግንብ ነው፤ የተሳሳተ ምክርም ግንቡን ከፍ ያደርገዋል።

እርግጥ ነው፣ ሁሉም ወፍ ሩቅ አይደለም። በሐዋሳ አሞራ ገደል አባ ኮዳው የዓሣ ፍርፋሪ ፍለጋ እስከ እግርዎ ሥር ይመጣል፤ እዚያ 70 ሚሊ ሜትር ይተርፋል። ፊት ለፊት ላይ ላለ ነገር ትልቁ ሴንሰር የሚያሳየው ልስላሴና ጥልቀት ከትንሹ ጋር የሚወዳደር አይደለም።

ሌሊትም አለ። በልደት ዋዜማ በላሊበላ፣ በጧፍና በሻማ ብርሃን ብቻ ፊቶች በሚታዩበት ሰዓት፣ ፒ900ን ያወጣ ሰው ጭቃ የመሰለ ምስል ይዞ ይመለሳል። ምክንያቱ ያው ቀዳዳ ነው። በሰፊው እይታ፣ በ24 ሚሊ ሜትሩ ጫፍ፣ የፒ900 ቀዳዳ 1.5 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው፤ የዜድ 9ኙ ሌንስ በዚያው እይታ ከ8 ሚሊ ሜትር ይበልጣል፤ የሚገባው ብርሃን ሠላሳ እጥፍ ያህል ይራራቃል። ሠርግ አንሥቶ የሚያድር፣ በደብዛዛ አዳራሽ ሙሽሮችን የሚከተል ባለሙያ ሚረርለሱን ቢገዛ የሚበጀውን ገዛ። የሚበርር ወፍ ለሚከታተልም እንዲሁ ነው፤ ዜድ 9 በሴኮንድ 20 ጥሬ ምስሎች ያነሣል፤ ፒ900 ግን በሴኮንድ 7 አንሥቶ ጽሕፈቱን እስኪጨርስ ባለቤቱን ያስጠብቃል። ጥሬ ምስልም ማስቀመጥ አይችልም፤ ይህ የመጣው በ2020 በወጣው ተከታዩ ፒ950 ነው።

ግን የተቀመጠን ወፍ በቀን ብርሃን ማንሣት የሚሻውስ? ቀይ ቀበሮ ፍልፈል የሚያድነው በቀን ነው። ሳነቴ አምባ ከ4,000 ሜትር በላይ ነው፤ በዚያ ቀጭን አየር 4.6 ኪሎ ይዞ መውጣትና 899 ግራም አንገት ላይ ማንጠልጠል አንድ አይደለም። የባለሙያው ዕቃ ብዙ ጊዜ ከመኪናው ሳይወርድ ይቀራል፤ መኪና ውስጥ የተቀመጠ ካሜራ ደግሞ ሴንሰሩ የቱንም ያህል ቢሰፋ ምስል አያነሣም። ለመታወቂያ፣ ለመዝገብ፣ ለመጽሔት ገጽ የሚሆን ምስል 16ቱ ሜጋፒክሰል ይበቁታል፤ አንድ የኤ4 ገጽ በጥሩ ጥራት ለማተም የሚያስፈልገው ከ9 ሜጋፒክሰል በታች ነው።

(በነገራችን ላይ ይህ ካሜራ ጨረቃን በሚያቀርቡ ቪዲዮዎች ዝነኛ መሆኑ ያልታሰበ ወዳጅ አፍርቶለታል፤ ምድር ጠፍጣፋ ናት የሚሉ ሰዎች ማስረጃ ፍለጋ የሚያነሡበት ካሜራ እርሱ ነው። ካሜራው በዚህ አይወቀስም።)

በ2000 ሚሊ ሜትር ለመድረስ የሚቸኩል ሰው ግን አንድ ነገር ይወቅ። በእኩለ ቀን ከስምጥ ሸለቆው ሜዳ የሚነሣው ትኩስ አየር ምስሉን እንደ ውኃ ያናውጠዋል፤ የ600 ዶላሩም የ21,000 ዶላሩም ሌንስ በእኩል ይሸነፋል። የማለዳው ሁለት ሰዓትና የአመሻሹ ዐሥራ አንድ ሰዓት ከሁለቱም ካሜራዎች ዋጋ ይበልጣሉ፤ የሚገዙትም ቀድሞ በመነሣት ብቻ ነው።

ያገለገለ ፒ900 ሊገዛ የሚሄድ ካለ ሌንሱን እስከ ጫፍ ደጋግሞ ያስወጣ፣ ያስገባ። ሲወጣ ቢንተፋተፍ ወይም ድምፅ ቢያሰማ ገንዘቡን ወደ ኪሱ ይመልስ፤ ምክንያቱም በዚህ ካሜራ ሌንሱ ሲሞት ካሜራው አብሮ ይሞታል። ይህን ጉድለት ዜድ 9 የለውም።