የተሰበረ አንገት ሁሉ ቀዶ ጥገና አይሻም

ጭንቅላታችን ወደ ቀኝና ወደ ግራ ከሚዞረው ግማሽ ያህሉ የሚገኘው በላይኞቹ ሁለት የአንገት አጥንቶች መካከል ካለው መገጣጠሚያ ነው። ከሁለተኛው አጥንት ላይ ጥርስ የሚመስል ጉጥ ቀጥ ብሎ ቆሟል። ይህ ጉጥ ሲሰበር ሐኪሞች ይከራከራሉ፤ በብሎን ይታሰር ወይስ ሳይነካ ይጠበቅ?

በስዊድን ለአብዛኞቹ አረጋውያን የሚሰጠው መልስ ጠንካራ የአንገት መያዣ ነው። በስቶክሆልም ቤታቸው ውስጥ ተደናቅፈው የወደቁ የሰማንያ ዓመት አዛውንት፣ በሲቲ ስካን ከታዩ በኋላ መያዣውን ለሦስት ወር ያህል ሌትና ቀን ሊያደርጉ ይችላሉ። አጥንቱ ሙሉ በሙሉ ባይገጥምም ስብራቱ በጠባሳ ጸንቶ ሕመሙ ከቀነሰ፣ በዚያ ዕድሜ በቂ ውጤት ተብሎ ይወሰዳል።

ከዚህ የከበደ መሣሪያም አለ። በ1950ዎቹ በካሊፎርኒያ ኒከልና ፔሪ የተባሉ ሐኪሞች በፖሊዮ አንገታቸው ለዛለ ሕሙማን የሠሩት የጭንቅላት ቀለበት በአራት ብሎኖች ራስ ቅል ላይ ይያዛል፤ በዘንጎችም ከደረት ልብስ ጋር ይገናኛል። ብሎን ማጥበቅን በብረት ላይ ለተማረ እንደኔ ላለ ሰው፣ በአዋቂ ራስ ቅል ላይ ልኩ 0.9 ኒውተን ሜትር ያህል መሆኑ ያስደንቃል። ነገር ግን አረጋውያንን ለሳንባ ምች ስለሚያጋልጥ ለእነርሱ እምብዛም አይመረጥም።

ክርክሩ አልተዘጋም። በ2018 የታተመ የስዊድን ብሔራዊ መዛግብት ጥናት፣ ቀዶ ጥገና የተደረገላቸው አረጋውያን ረዘም ያለ ዕድሜ እንደኖሩ አሳይቷል። ሆኖም ለቀዶ ጥገና የሚመረጡት ቀድሞውኑ ጠንካሮቹ ሊሆኑ ስለሚችሉ ንጽጽሩ በጥንቃቄ መታየት አለበት።

ይህ ለአገራችን ምን ይፈይዳል? በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የአንጎልና የኅብለ ሰረሰር ቀዶ ሕክምና ሥልጠና የተጀመረው በ2006 እ.ኤ.አ. ከኖርዌይ በርገን ጋር በመተባበር ነው። ባለሙያዎቹ ቢበዙም ከባሕር ዛፍ መወጣጫ ለወደቀ የግንባታ ሠራተኛ ሁሉ አይደርሱም። ብዙውን ጊዜ ቀድሞ የሚደርሰው ወጌሻ ነው። የወጌሻን እጅ በወለምታና በውልቃት ላይ አከብራለሁ፤ የተሰበረ አንገትን ማሸት ግን ኅብለ ሰረሰርን ሊቆርጥና ሰውየውን ዕድሜ ልኩን ሽባ ሊያደርግ፣ ሊገድልም ይችላል። ያለ ቀዶ ጥገና መታከም እንኳ ምስል፣ ልክ የሆነ መያዣና ተደጋጋሚ ክትትል ይጠይቃል።

ስለዚህ የጤና በጀት ሲመደብ የቀዶ ጥገና ክፍሎች ብዛት ብቻ አይቆጠር እላለሁ። በየዞኑ ሆስፒታል መጋዘን ልካቸው የተለያየ መያዣዎች አሉን? ከስድስት ሳምንት በኋላ ለምርመራ መመለስ ያለበት ገበሬስ የመሳፈሪያውን ከየት ያመጣል?