መደብ ከፍ የማድረግ ፈተና

ሰው ጥቂት አግኝቶ ደስ ባለው ሰዓት ትልቅ ነገር ለመቍረጥ ብቁ አይደለም። ወጣቶች አንባብያን ይህን ቃል በልባቸው እንዲይዙልኝ እለምናለሁ፤ ከዚህ ቀጥሎ የምጽፈው ሁሉ የዚሁ የአንድ ቃል ማብራሪያ ነውና። ብዙ ሰዎች ስለ ቍማር ሲጽፉ «ቍማር ክፉ ነው» ብለው ነገሩን በአንድ መስመር ይዘጉታል። እኔም ክፉ ነው እላለሁ። ነገር ግን ይህን ብቻ ብሎ ማለፍ ወጣቱን አይመልሰውም፤ ወጣቱ ቀድሞውኑ ከጠረጴዛው ተቀምጧል። የሚጠይቀውም «ልጫወት ወይስ ልተው» ብሎ ሳይሆን «መደቤን መቼ ከፍ ላድርግ» ብሎ ነው። ለጥያቄው ከሽማግሌ መልስ ያጣ ልጅ መልሱን ከማያዝንለት ሰው ይገዛል።

ይህን እንድጽፍ ያነሣሣኝ የእኅቴ ልጅ ነው። ለዘመን መለወጫ ከአዲስ አበባ ወደ መሐል ሜዳ መጥቶ፥ እሳት ዳር ተቀምጠን ሳለ ስልኩን አውጥቶ ፖከር የሚባለውን የካርታ ጨዋታ አሳየኝ። በውድድር መልክ ሲደረግ እያንዳንዱ ተጫዋች የመግቢያ ገንዘብ ይከፍላል፤ የተሰበሰበው ገንዘብ እስከ መጨረሻው ለቆዩት ጥቂቶች ይከፋፈላል፤ ከዚያም ውስጥ ብዙው ለመጀመሪያዎቹ ሦስት ሰዎች ይደርሳል። የጨዋታው ቤት ባለቤት ደግሞ ካርታ ሳይነካ ድርሻውን አስቀድሞ ይቈርጣል። ልጁ የአንድ ዶላር መግቢያ ባለው ውድድር ሲጫወት ቆይቶ አሁን ዐሥር ዶላር ወዳለው መውጣት አስቧል። «ጋሼ፥ እርስዎ ሒሳብ ያውቃሉና ይፍረዱኝ፤ ጊዜዬ አልደረሰም ይላሉ?» አለኝ።

እኔም «ደብተርህን አምጣ» አልሁት። አመጣ። በደብተሩ ያገኘው ተጽፏል፤ 48 ዶላር። የከፈለው ግን አልተጻፈም። አብረን ተቀምጠን ከስልኩ እየፈለግን ቈጠርነው። 40 ጊዜ ተወዳድሯል፤ በየጊዜው አንድ ዶላር ለመግቢያ፥ 10 ሳንቲም ለቤቱ ከፍሏል፤ ድምሩ 44 ዶላር ነው። ስለዚህ የብዙ ሌሊት እንቅልፉን ሸጦ ያተረፈው 4 ዶላር ሆነ። ከ40ው ውድድር ገንዘብ ያገኘባቸው 6 ብቻ ናቸው፤ አንድ ጊዜ አንደኛ ወጥቶ 28፥ አንድ ጊዜ ሦስተኛ ወጥቶ 12፥ አራት ጊዜ ደግሞ ሁለት ሁለት ዶላር። እንግዲህ ያች አንዲት የአንደኝነት ሌሊት ባትኖር ኖሮ 24 ዶላር ከስሮ ነበር። «ዐዋቂ ሆኛለሁ» ያሰኘችው ያች አንዲት ሌሊት ናት። አንዲት ሌሊት ደግሞ ዕውቀትንም ዕድልንም ለይታ አትመሰክርም።

ቀጥዬ «ለላይኛው ደረጃ ምን ያህል ይዘሃል?» ብዬ ጠየቅሁት። ለ12 ውድድር የሚበቃ፥ 132 ዶላር መያዙን ነገረኝ። እስካሁን እንደሆነለት ከ100 ውድድር በ15ቱ ገንዘብ ያገኛል ብንል እንኳ፥ ዐሥራ ሁለቱንም ተጫውቶ አንዲት ሳንቲም ሳያገኝ የሚወጣበት ዕድል ከሰባት አንድ ገደማ ነው። ይህም በላይኛው ደረጃ የሚጠብቁት ሰዎች ከታችኞቹ አይበልጡም ብለን ነው፤ እነርሱ ግን ይበልጣሉ፤ የጥቂት ሰዎችን ቀለብ የሚችለው ያ ገንዘብ ነውና ስለ እርሱ ሌት ተቀን የሚያጠኑ አሉ። ልምድ ካላቸው የፖከር ተጫዋቾች መካከል ብዙዎቹ፥ ቍማርን የሚወዱት ራሳቸው፥ «መቶ መግቢያ ሳትይዝ ወደ ላይ አትውጣ» ይላሉ። የእኔ ልጅ በመቶው ፈንታ ዐሥራ ሁለት ይዞ ተነሥቷል።

ከሁሉ የከፋው ገንዘቡ የመጣበት ቦታ ነው። እናቱ የምትኖርበት የድንጋይ ቤት እስከ ዛሬ በጓሳ ሣር የተከደነ ነው፤ ዝናቡም ያፈሳል። 132ቱ ዶላር ከደመወዙ ለቆርቆሮ ያጠራቀመው ኖሯል። «እጥፍ አድርጌ ቆርቆሮውንም በሩንም መስኮቱንም አሳምርላታለሁ» አለኝ። ላም አለኝ በሰማይ፥ ወተቷንም አላይ ማለት ይህ ነው።

ይህን ስል ከሩቅ ሆኜ የምፈርድ አይምሰላችሁ። በወጣትነቴ ደብረ ብርሃን ተቀጥሬ ስሠራ ቅዳሜ ማታ ከጓደኞቼ ጋር ኮንከር እጫወት ነበር። መደባችን 25 ሳንቲም ነበረ። ሦስት ቅዳሜ በተከታታይ ቀናኝ። በአራተኛው፥ በጓዳው በኩል አምስት አምስት ብር እየመደቡ የሚጫወቱት ትልልቅ ሰዎች «ና እንጂ፥ አንተ እኮ ከልጆች ጋር የምትውል አይደለህም» አሉኝ። ይህ ቃል ከገንዘቡ ይልቅ ጣፈጠኝ። በኪሴ ደግሞ ታላቅ ወንድሜ በጎቹን ሸጦ በሬ እስኪያገኝ ድረስ አደራ ያለኝ ገንዘብ ነበረ። ከዚያ ላይ ለአንድ ዙር ብቻ ብዬ ወሰድሁ፤ የወሰድሁትን ለመመለስ ደግሞ ሌላ ወሰድሁ። ሊነጋጋ ሲል አደራው አለቀ።

ወንድሜ በዚያ ዓመት ባንድ በሬ በመቀናጆ አረሰ። በሬ ያቀናጀው ጎረቤት የራሱን መሬት እስኪጨርስ መጠበቅ ነበረበትና ዘግይቶ ዘራ፤ የዘገየውንም ገብስ ሳይጐመራ ውርጭ መታው። የመንዝን ብርድ የሚያውቅ አንባቢ የቀረውን ሳልነግረው ያውቀዋል። ገንዘቡን በሁለት ዓመት ከደመወዜ ከፍዬ ጨረስሁ፤ የዚያን ዓመት ገብስ ግን የምከፍልበት መንገድ የለም። ወንድሜ እስከ ዛሬ አንድ ቀን አንሥቶብኝ አያውቅም፤ ቢያነሣብኝ ይቀለኝ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ጊዜ አስቤበታለሁ። እኔ መደቤን ከፍ ለማድረግ የቈረጥሁት መቼ ነው? እውነቱን ለመናገር እኔ አልቈረጥሁም። የቈረጡልኝ ሦስቱ ቅዳሜዎችና አንድ የሽንገላ ቃል ናቸው። የእኅቴን ልጅም የሚገፋው ያው ነው፤ ልዩነቱ ሽንጋዩ ዛሬ በስልክ ውስጥ መቀመጡ ብቻ ነው። «ካልደፈርህ አታድግም» ይለዋል። እንዲህ የሚመክር ሰው ልጁ ሲከስር አብሮት ይከስር እንደ ሆነ ጠይቁት። የማይከስር ከሆነ አሻሻጭ ነው እንጂ መካሪ አይደለም።

አባቶቻችን የውርርድን ጠባይ ያውቁት ነበር። በመንዝ፥ በግሼና በመርሐ ቤቴ ስለ ርስት ሲሟገቱ፥ በበላ ልበልሃ ሥርዓት ባላጋራ ከባላጋራ በዳኛ ፊት ይወራረዳል። በነገሩ ግለትም ከማር ወደ ፈረስና ወደ በቅሎ ይወጣ ነበር። የተረታውም የተወራረደበትን ለዳኛው ይከፍላል። እንግዲህ ያን ጊዜም ሁለቱ ሲጋጋሉ የማይከስረው ሦስተኛው ነበረ። ነገር ግን በዚያ ሥርዓት አንድ ልጓም አለ፤ «ዋስ ጥራ» ይባላል። ዋስ የሌለው ውርርድ አይጸናም። ዋሱ ደግሞ ቀዝቃዛ ሰው ነው፤ የሚከፍለው እርሱ ሊሆን ስለሚችል «ይህን ያህል ታገኛለህን? ከየትስ ታመጣለህ?» ብሎ ይጠይቃል። በስልኩ ላይ ከሌሊቱ በስምንት ሰዓት ብቻውን መደቡን ዐሥር እጥፍ የሚያደርግ ልጅ ግን ማን ዋስ ጠራ? ማንስ ጠየቀው?

አሁን የሚቃወሙኝን ልስማ። አንዳንዶቹ «ፖከር የዕውቀት ጨዋታ ነው እንጂ ዕድል ብቻ አይደለም» ይላሉ። እውነት ነው፤ አልክድም። በፈረንጆች 2003 ዓ.ም. ክሪስ መኒሜከር የሚባል አሜሪካዊ የሒሳብ ሠራተኛ፥ መቶ ዶላር በማይሞላ ገንዘብ በኢንተርኔት ጀምሮ፥ መግቢያው 10,000 ዶላር ወደ ሆነው ወደ ላስ ቬጋሱ የዓለም ውድድር ገባ፤ አሸንፎም 2.5 ሚሊዮን ዶላር ወሰደ። የእርሱን ስም ዛሬ የእኅቴ ልጅ ያውቀዋል። ነገር ግን በዚያ ውድድር የገቡት 839 ነበሩ። የቀሩትን 838 ሰዎች ስም ጠይቁት፤ ስንቱን ይጠራላችኋል?

ዕውቀትስ ብቻውን ያድናልን? ስቱ ኡንጋር የተባለው ያንኑ ታላቅ ውድድር በ1980፥ በ1981 እና በ1997 ሦስት ጊዜ አሸንፏል፤ በካርታ ዕውቀት ከእርሱ የሚበልጥ የለም የሚሉ ብዙ ናቸው። በመጨረሻው ድሉ ሽልማቱ አንድ ሚሊዮን ዶላር ነበረ። በሚቀጥለው ዓመት በላስ ቬጋስ በአንድ ርካሽ ማደሪያ ክፍል ሞቶ ተገኘ፤ ጥሪት አልነበረውም። በካርታ ያገኘውን በፈረስና በስፖርት ውርርድ፥ ደግሞም በዕፅ ጨረሰው። መውጣትን ያውቅ ነበር፤ መውረድን ግን አላወቀም።

ሌሎቹ ደግሞ «ገበሬስ ቍማርተኛ አይደለምን? ዘሩን በትኖ ሰማይ ሰማይ ያያል» ይሉኛል። ይህ ክርክር ብልጠት ይመስላል እንጂ ሲመረመር አይጸናም። የአንዱ ገበሬ አዝመራ ሲያምር የጎረቤቱ አዝመራ በዚያ ምክንያት አይጠፋም፤ በካርታ ጠረጴዛ ግን አንዱ የሚያገኘው ሌላው ያጣውን ነው፤ ያውም የቤቱ ድርሻ ተቀንሶ። ደግሞም የእኛ ገበሬ መደቡን የሚያሳድግበት ሥርዓት አለው። ዶሮ አርብቶ በግ ይገዛል፤ በግ አርብቶ ጊደር ይገዛል፤ በጉ ሲሞትበት ወደ ዶሮው ለመመለስ አያፍርም። በልግ ቢቀር፥ ረኃብም ቢገባ፥ ለዘር ያስቀመጠውን ገብስ ሳይነካ የሚችለውን ያህል ይቆያል፤ ዘሩን የበላ የሚመጣውን ዓመት በላ ማለት ነውና። ለቆርቆሮ የተቀመጠ ገንዘብ ዘር ነው። አደራ ዘር ነው። የትምህርት ቤት ክፍያ፥ የቤት ኪራይ፥ ከዘመድ የተበደሩት ሁሉ ዘር ነው። በዘር አይመደብም።

ስለዚህ ለእኅቴ ልጅ የሰጠሁትን መልስ ለእናንተም እሰጣለሁ። አለመጫወትን እመርጥልሃለሁ። ካልሰማኸኝ ግን፥ መደብህን ከፍ የምታደርግበትን ቀን ከማሸነፍህ በፊት በቀዝቃዛ ልብ ቍረጥ እንጂ ባሸነፍህበት ሌሊት አትቍረጥ። የጓሳን ሜዳ ተመልከት። አባቶች ለብዙ መቶ ዓመታት ሲጠብቁት ሣሩን ለዓመታት ይዘጉት ነበር፤ የሚከፈትበትም ቀን በማኅበር ይቈረጣል እንጂ ከብቱ የራበው ሰው በራበው ዕለት ብቻውን አይከፍተውም። ሁለተኛ፥ የምትወጣበትን ልክ ስትጽፍ የምትወርድበትን ልክ በዚያው ገጽ ጻፍ፤ መውረጃ የሌለው መሰላል ገደል ነው። ሦስተኛ፥ የከፈልኸውን ካገኘኸው ጎን ጻፍ፤ በጥቂት ዐሥር ውድድር ሳይሆን በብዙ መቶ ውድድር ራስህን መዝን። አራተኛ፥ ዋስ ጥራ፤ ደብተርህን የሚያይ፥ ሊቈጣህም የሚችል አንድ ሰው ይኑርህ። እነዚህን አራቱን መሸከም የከበደው ሰው ጊዜው አልደረሰም፤ ምናልባትም አይደርስም፤ ይህንንም ማወቅ ራሱ ትልቅ ትርፍ ነው።

ልጁ ሲሰማኝ ፊቱ ጠቈረ፤ «እንደ ልጅ ቈጠሩኝ» አለ። እኔም በደብረ ብርሃን ጓዳ የሰማሁት ሽንገላ ትዝ ብሎኝ «እኔን እንደ ትልቅ ሰው የቈጠሩኝ ዕለት የወንድሜን በሬ በሉት» አልሁት። ያን ሌሊት ብዙ አልተነጋገርንም። ከመስቀል በፊት ግን ቆርቆሮው ተገዝቶ ተመታ። ጨዋታውን አልተወውም፤ በአንዱ ዶላር ደረጃ ሆኖ በየወሩ የከፈለውንና ያገኘውን ይልክልኛል። ባለፈው ወር የላከልኝ ሒሳብ ኪሳራ ነበር፤ ግን በትክክል ጽፎታል። የጻፈው ኪሳራ ካልጻፈው ትርፍ ይሻለዋል። ዋሱ እኔ ነኝ።