መሐንዲሱም ሂሳብ ይማር

«ሂሳብ የሂሳብ ሠራተኛው ጉዳይ ነው» የሚለው የነጋዴው አነጋገር ጊዜ ያለፈበት ይመስላል። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የፋይናንስ ሪፖርት አዋጅ ቁጥር 847 ሪፖርት አቅራቢ ድርጅቶች ዓለም አቀፍ ደረጃ እንዲከተሉ አስገድዷል። ጥር 2017 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ሰነደ ሙዓለ ንዋዮች ገበያ በይፋ ሲከፈት ደግሞ ያ ሪፖርት አክሲዮን ገዢው ገንዘቡን ከማውጣቱ በፊት የሚያየው ዋነኛ ማስረጃ ሆኗል።

ደረጃው የሚጠይቀው መደመርና መቀነስ ብቻ አይደለም። ማሽኑ ስንት ዓመት ያገለግላል? ግንባታው ምን ያህል ተጠናቋል? ከተሰጠው ብድር ምን ያህሉ ላይመለስ ይችላል? መልሱ ትርፉን ከፍ ወይም ዝቅ ያደርገዋል። የማሽኑንና የግንባታውን ነገር መሐንዲሱ፣ የብድሩን ሥጋት ደግሞ የስታቲስቲክስ ምሩቁ ጠንቅቆ ያውቃል።

ይሁን እንጂ እነዚህ ሰዎች ወደ ሙያው እንግባ ቢሉ መንገዱ ረጅም ነው። ለምሳሌ የእንግሊዙ ኤሲሲኤ የሂሳብ ምሩቁን ከ13 ፈተናዎች እስከ 9 ከሚደርሱት ነፃ ሊያደርገው ሲችል፣ የሌላ ሙያ ምሩቅ ግን በአብዛኛው ከሥር ይጀምራል። የ3 ዓመት የሥራ ልምድም ይጠበቅበታል።

ስለሆነም ዩኒቨርሲቲዎች ለሌላ ሙያ ምሩቃን መሠረታዊ ሂሳብን፣ ኦዲትንና የግብር ሕግን አስቀድሞ የሚያስጨብጥ የድኅረ ምረቃ ትምህርት፣ በተለይም በማታው ክፍለ ጊዜ፣ ቢያስፋፉ ገበያው ይጠቀማል። ትምህርቱ ግን አቋራጭ መሆን የለበትም፤ ፈተናው ለሁሉም እኩል ይጥበቅ። ያልበሰለ ባለሙያ የፈረመበትን ሂሳብ ዕዳ የሚከፍለው ዩኒቨርሲቲው ሳይሆን አክሲዮን ገዢው ነውና።